እዚህም እዚያም የተራቆተ የግቢ ሳርን ማስተካከልና እንደገና መትከል፦ ለአዳማ ግቢዎች

ከቤት ፊት ለፊት ያለ ሳር ቦታ ቦታውን ሲራቆት አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያስበው ሳር አስመጥቶ ባዶው ላይ መትከልን ነው። ክረምቱን ያምራል። ጥር ሲገባ ግን ያው ቦታ፣ በዚያው ስፋቱ ተመልሶ ይራቆታል። እኔ ለረጅም ዓመታት ግንበኛ ነበርኩ፤ አሁን አዳማ ውስጥ የሰው ግቢ እያስተካከልኩና እየተከልኩ ነው የምኖረው። ከሁለቱም ሥራ ያገኘሁት ትምህርት አንድ ነው፦ መሬት ያለ ምክንያት አይራቆትም፣ ምክንያቱም በአብዛኛው የተቀበረው ከሳሩ በታች ነው። ስለዚህ ሳሩ ይቆየን፤ መጀመሪያ ዶማውን ያዙ።

ከዶማው በፊት ደግሞ ዓይን አለ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ግቢውን ዞር ዞር ብላችሁ የራቁቱን ቦታ ቅርጽ ተመልከቱ። ከበሩ ወደ ቤቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስርጉድ መስመር ካያችሁ፣ ከሥሩ የውሃ ወይም የፍሳሽ ቧንቧ የተቀበረበት ቦይ አለ። ቦዩ ሲደፈን አፈሩ ሳይጠቀጠቅ በአንድ ጊዜ ተገፍቶ ስለገባ፣ ዝናብ በጠጣ ቁጥር እየሰመጠ ይሄዳል። መሐሉ የተቃጠለ፣ ጠርዙ ግን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የለመለመ ክብ ካለ የውሻ ሽንት ነው፤ መሐሉን ያቃጠለው ናይትሮጅን ጠርዙ ላይ ሲደርስ ሳስቶ ማዳበሪያ ይሆናል። ልብስ ከሚታጠብበት አጠገብ ገርጥቶ የሞተው ሳር የሳሙናና የበረኪና ውሃ የሚደፋበት ነው። መኪና ከሚቆምበት ሥር ያለው ጥቁር ነጠብጣብ የሞተር ዘይት ነው፤ ያንን አፈር አንድ ጫማ ያህል ቆፍሮ ከማውጣት ሌላ መፍትሔ አላገኘሁለትም። ከበሩ እስከ በረንዳው አግድም የሚያቋርጠው ቀጭን ራቁት መስመር የልጆች መንገድ ነው። ሰው የሚያቋርጥበትን መንገድ ሳር በመትከል ማስቀረት አይቻልም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ በእርምጃ ልክ ቅበሩበትና ሳሩን በድንጋዮቹ መሐል አሳድጉት።

ቅርጹ ያልነገራችሁን ቁፋሮው ይነግራችኋል። የአንድ ጡረታ የወጡ መምህርት ግቢ ውስጥ፣ በረንዳው ፊት ለፊት፣ የበር ስፋት የሚያህል ቦታ በየዓመቱ ይተከላል፣ በየዓመቱ ይደርቃል። «ልጄ፣ እዚህ ቦታ ላይ ምን እንዳለበት እንጃ፤ ውሃም አጠጣለሁ፣ ፍግም አደርጋለሁ» አሉኝ። ዶማውን ሳሳርፍ ጭንጫ የመታ ያህል ጮኸ። አፈሩን በእጄ ጠረግ ጠረግ ሳደርገው ሁለት ጣት የሚወፍር ግራጫ ቅርፊት ብቅ አለ። ቤቱ ሲሠራ ሲሚንቶ የተቦካበት ቦታ ነው። ሲያበቃ አፈር አልብሰውት ሄደዋል። ከላዩ ያለው አፈር አራት ጣት አይሞላም፤ ውሃ አያሰርግም፣ ሥር አያሳልፍም፣ የመጋቢት ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ምጣድ ይግላል። «እትዬ፣ ይዩት፤ ሲሚንቶ ነው» አልኳቸው። በመዶሻ ሰባብረን በጆንያ አወጣነው። እኚህ እናት ስንት ክረምት ሙሉ ውሃ የተሸከሙት ለሲሚንቶ ኖሯል፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ እንዳይደርስባችሁ አንድ ሜትር የሚሆን የፌሮ ቁራጭ ጫፉን አሹላችሁ ግቢውን በየግማሽ ሜትሩ ውጉት። አፈሩ ትንሽ እርጥበት ሲኖረው አድርጉት። ደህና መሬት ላይ ፌሮው በእጅ ግፊት ብቻ አንድ ስንዝር ይገባል። የሚያንገራግርበት ቦታ የብሎኬት ስብርባሪ፣ ሲሚንቶ፣ ወይም በመኪና ጎማ የደነደነ አፈር አለ፤ ምልክት አድርጉበት። ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ በተቀበረበት በኩል ግን ፌሮ አታስገቡ፤ እዚያ በእጅ መኮትኮቻ ቀስ እያላችሁ ቆፍሩ።

አፈሩንም መርምሩ። የእኛ ከተማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ብዙ ሰፈር ላይ ያለው አፈር ከእሳተ ገሞራ የቀረ፣ አመድማና ቀላል ነው። ውሃ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ይለቃል። አንድ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ወስዳችሁ ሲሶውን በአፈር፣ የቀረውን በውሃ ሙሉት፤ በደንብ ነቅንቃችሁ መስኮት ላይ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል። ደቃቁ ሰዓታት ይወስዳል። ሸክላማው እስከ ማግስቱ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። ከላይ የሚንሳፈፈው ነጣ ያለ ፍርክስካሽ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ ነው። ከታች የተኛው አሸዋ ከጠቅላላው አፈር ከግማሽ በላይ ከሆነና ላዩን ፑሚስ ከሸፈነው፣ አፈራችሁ በብስባሽ ወይም በበሰለ ፍግ ካልታገዘ በጋውን ሳር አያሻግርም።

አሁን ወደ ማስተካከሉ እንግባ፤ ብዙ ግቢ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ከቤት ፊት ያለ መሬት ፍጹም ዝርግ መሆን የለበትም። ከግድግዳው እየራቀ ሲሄድ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ዓይን ይህን ተዳፋት አያየውም፣ ውሃው ግን ያውቀዋል። አዳማ ላይ አብዛኛው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፤ ሲጥል ደግሞ በአንድ ጊዜ ነው የሚያወርደው። መውጫ ያላገኘ ውሃ ወይ ከቤታችሁ መሠረት ሥር ይገባል፣ ወይ ስርጉድ ላይ ተኝቶ ሳሩን ያበሰብሳል። መውጫውን ስታስቡም ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳይሆን አደራ።

ተዳፋቱን በዓይን አትገምቱ። የግንበኛ የእጅ ውሃ ልክ ለአጭር ርቀት ነው፤ ለግቢ የሚሆነው ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የጣት ውፍረት ያለው 10 ወይም 15 ሜትር ቱቦ ግዙ። አንዱን ጫፍ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ በሌላው ጫፍ በአፍ ስባችሁ ውሃ ሙሉበት። ውስጡ የአየር አረፋ መቅረት የለበትም። ለማረጋገጥ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አቁሟቸው፤ ውሃው በሁለቱም እኩል ካልቆመ አረፋ አለ፣ ቱቦውን በጣት መታ መታ እያደረጋችሁ አስወጡት።

ከዚያ በረንዳው ጠርዝ አጠገብ አንድ ችካል ምቱ። የአፈሩ ወለል እንዲደርስ የምትፈልጉበትን ከፍታ በቢላዋ ምልክት አድርጉበት። ይህ ምልክት ከበረንዳው ወለል ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ይበል፤ አፈር ከወለሉ ጋር እኩል ሲሆን እርጥበቱ የግድግዳውን ቀለምና ልስን ይበላዋል። ሁለተኛውን ችካል በአጥሩ በኩል ምቱ። አንድ ሰው የቱቦውን ጫፍ በመጀመሪያው ችካል ላይ ውሃው ከምልክቱ ጋር እንዲገጥም አድርጎ ይያዝ፤ ሌላው በሁለተኛው ችካል ላይ ውሃው የቆመበትን ይቁረጥ። አሁን ሁለቱ ምልክቶች አንድ ከፍታ ላይ ናቸው። ርቀቱ 6 ሜትር ቢሆንና በየሜትሩ 1.5 ሳንቲሜትር ብትመርጡ፣ ከሁለተኛው ምልክት 9 ሳንቲሜትር ወደ ታች ለክታችሁ አዲስ ምልክት አድርጉ። ሲባጎውን ከመጀመሪያው ምልክት ወደዚህ አዲሱ ወጥሩት። በየሁለት ሜትሩ እንዲህ ዓይነት ሲባጎ ከወጠራችሁ ግቢያችሁ ራሱ ይናገራል፤ አፈሩ ሲባጎውን የሚነካበት ይቆረጣል፣ የሚርቅበት ይሞላል።

መቁረጥ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር አድኑ። አንደኛ፣ በሕይወት ያለውን ሰርዶ ከነሥሩ ነቅላችሁ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ሥር አኑሩት፤ የመትከያው ጊዜ ሩቅ ከሆነ በአንድ ጥግ አፈር አልብሱት። ሁለተኛ፣ የላይኛውን 10 ሳንቲሜትር አፈር ለብቻው ከምሩት። ሳር የሚያበላው እሱ ነው። ከፍና ዝቅ ያለው በታችኛው አፈር ከተስተካከለ በኋላ የላይኛው ተመልሶ ይለብሳል። ቁፋሮ የሚያሠሩ ሰዎች ይህን ሳያደርጉ ቀርተው የታችኛውን ነጭ አፈር ከላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግቢ ለመዳን ዓመታት ይፈጅበታል።

የሰመጠው የቧንቧ ቦይ ላይ አፈር ከላይ ብታፈሱበት የሚቀጥለው ክረምት ይውጠዋል። ላላ ያለውን አፈር ቧንቧው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እስኪቆም አውጡት። ከዚያ 15 ሳንቲሜትር ያህል መልሱ፣ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ጠቅጥቁት፤ እንደገና 15 መልሱ። መጠቅጠቂያ ከሌላችሁ የቀለም ጣሳ ውስጥ ኮንክሪት ሞልታችሁ ሳይደርቅ የእንጨት እጀታ ትከሉበት። የላይኛው አንድ ስንዝር ሲቀር መጠቅጠቁን አቁሙ፤ ሥር የሚገባበት አፈር በእግር ረገጥ ረገጥ ከተደረገ ይበቃዋል።

ሳሩ ደህና ሆኖ መሬቱ ብቻ ትንሽ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ ግን ይህን ሁሉ ድካም አትድከሙ። ጉድጓዱ ከ3 ሳንቲሜትር ካልበለጠ፣ የተነፋ አፈር በአንድ ጊዜ ከ1 ሳንቲሜትር ሳይበልጥ በትኑበትና በመጥረጊያ ወደ ሳሩ መሐል አስገቡት። የሳሩ ጫፍ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። ሳሩ ካለፈ በኋላ ድገሙት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሳሩን በአካፋ ከነአፈሩ ቆርጣችሁ አንሱ፣ ሥሩን ሙሉ፣ መልሳችሁ አልብሱት።

ምን ያህል አፈር እንደሚያስፈልግ በሂሳብ ድረሱበት። 8 በ5 ሜትር የሆነ ግቢ በአማካይ 5 ሳንቲሜትር ይሞላል ከተባለ 2 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ላላ ያለ አፈር ስለሚሰምጥ አምስት አንድ ያህል ጨምራችሁ እዘዙ። ሲመጣላችሁ ሳይገለበጥ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ እዩት። ሲጠቁር ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን ሲረጥብ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ መረሬ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ያስተካከላችሁትንም ያበላሸዋል። ውስጡ ትንንሽ ጥቁር ፍሬ የመሰለ ሥር ካያችሁ ደግሞ የእንግጫ ነው፤ እንዲህ ያለውን አፈር መልሱት። አንድ ጊዜ ግቢ ከገባ ማስወጫው ከባድ ነው። እኔ ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ፍግ ጋር ደባልቄ በወንፊት እነፋለሁ። ፍጉ መብሰሉን በጠረኑ ታውቁታላችሁ፤ የዝናብ መሬት ከሸተተ ደርሷል፣ በረት ከሸተተ አልደረሰም። ያልበሰለው ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

የላይኛውን አፈር ካለበሳችሁ በኋላ ስታጃ ወይም ማንኛውም ሁለት ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ሲባጎውን ተከትላችሁ ጎትቱበት። ከፍ ያለውን ይቆርጣል፣ ዝቅ ያለውን ይሞላል። መጀመሪያ ቁመቱን፣ ቀጥሎ አግድሙን ጎትቱ።

እዚህ ላይ ቁሙ፤ ወዲያው አትትከሉ። ይህን ምክር የሚሰማኝ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማምንበት ነው። መሬቱን ግንቦት ላይ ካስተካከላችሁ የሰኔን የመጀመሪያ ዝናቦች ጠብቁ። ዝናቡ የቱ ጋ ባዶ አየር እንደቀረ ያሳያችኋል፤ የሰመጠውን ሙሉት፣ በጣውላው ደግማችሁ ጎትቱ። ዝናቡ ከዘገየ በቱቦ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ በደንብ አርሱት። በዚህ መሐል የሚበቅለው አረምም ይወጣላችኋል። ቅንጭ አረም ካለ ነጭ አበባው ሳይፈነዳ ንቀሉት፤ ቆዳ የሚያሳክክና የሚያቆስል ስለሆነ በባዶ እጅ አትንኩት። እንግጫውን ግን ከላይ መንጨት ዋጋ የለውም፣ ቆፍራችሁ ከነፍሬው አውጡት።

ለአዳማ ፀሐይና ነፋስ የምመርጠው ሰርዶን ነው። ደጋ ላይ የሚያምረው ኪኩዩ ሳር እዚህም ይበቅላል፣ ነገር ግን ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእሱ ማጠጣት ይከብዳል። ሰርዶ ሙቀቱንም መረገጡንም ይችላል። አህያ እንኳን «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው እሷ ኖረችም አልኖረችም እንደሚበቅል ስለምታውቅ ነው። የማይችለው አንድ ነገር ጥላን ነው። ከኒም ወይም ከማንጎ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በማያገኝ ቦታ አትትከሉት። እዚያ ጥላ የሚችለውን ሰፊ ቅጠል ያለውን ሳር ከችግኝ ጣቢያ አምጡ፣ ወይም ዛፉ ሥር ጠጠር አንጥፋችሁ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡበት።

መትከያው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። እንዲህ ከሆነ መስከረም ሲጠባ ሥሩ መሬት ይዟል፣ ዝናቡ ቢቋረጥም አይደነግጥም። ያኖራችሁት ሰርዶ ካልበቃችሁ ከጎረቤት የአትክልት መደብ ጠርዝ ለምኑ፤ ሰው ሰርዶ ሲነቀልለት ደስ ይለዋል። ከአንድ ስንዝር ትንሽ አጠር ያለ፣ ቢያንስ ሦስት አንጓ ያለው ሐረግ አዘጋጁ፤ አዲስ ሥርም ቅጠልም የሚወጣው ከአንጓው ነው። አፈሩን አርጥቡ፤ በ15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ርቀት ሁለት ጣት የሚጠልቅ መስመር አውጡ። መስመሩ ተዳፋቱን ያቋርጥ እንጂ ተከትሎት አይውረድ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ መስመሩን ወደ ቦይ ይለውጠዋል። ሐረጉን አስተኙበት፣ ሁለት ሦስተኛው ይቀበር፣ ጫፉ ይውጣ፣ አፈሩን በእግር ረገጥ አድርጉት። የነቀላችሁትን ሰርዶ አንድ ሰዓት እንኳን ፀሐይ ላይ አታቆዩት። ሐረጉ ከላይ አረንጓዴ ቢመስልም አንጓው ከደረቀ አይነሳም። በተከላችሁበት ሰዓት ውሃ አጠጡ፤ የመስመሩ ሥራ ሳያልቅ የተከላችሁት መድረቅ ስለሚጀምር፣ አንድ ሰው ይትከል ሌላው ከኋላ እየተከተለ ያጠጣ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ዝናብ ባልጣለባቸው ቀናት ጠዋትና ማታ ቀለል አድርጋችሁ አጠጡ። ላዩ መድረቅ የለበትም። ቀን ላይ አታጠጡ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የቆመበት ከተማ ውስጥ እየኖርን፣ በቱቦ የተረጨው ውሃ መሬት ሳይደርስ ነፋስ ይወስደዋል። ሐረጉ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ልማዱን ቀይሩ፦ አልፎ አልፎ፣ ነገር ግን በጥልቀት። አጠጥታችሁ ስታበቁ በመኮትኮቻ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ እርጥበቱ የእጅ መዳፍ ርዝመት ያህል ካልወረደ አልበቃም። በየቀኑ ላዩን ብቻ የሚረጥብ ሳር ሥሩን ላይ ያስቀራል፣ የካቲት ላይ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው።

ማዳበሪያ አታብዙ። ከተተከለ ከአንድ ወር በኋላ ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም ዩሪያ፣ ማለትም ለ100 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ፣ እኩል በትናችሁ ወዲያው አጠጡት። ቅጠል ላይ የቀረ ዩሪያ ያቃጥላል።

ሳሩ አራት ጣት ሲያልፍ የመጀመሪያውን እጨዳ እጨዱ፣ ከቁመቱም ሲሶውን ብቻ ውሰዱ። ማጭድም ይሆናል፣ መቀስም ይሆናል፤ ዋናው ስለቱ ነው፣ የደነዘ ስለት አዲሱን ሐረግ ከነሥሩ ይነቅለዋል። ደጋግሞ የታጨደ ሰርዶ ወደ ጎን ይዘረጋል፣ መሐሉን የሚሞላውም እንዲሁ ነው። የአዲስ ዓመት በግ እዚህ ሳር ላይ አይታሰር፤ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሆኖ ድንኳን መተከል ካለበትም በተቻለ መጠን ወደ ጠርዙ አስጠጉት፣ ሲፈርስ በዚያው ቀን አጠጡት።

መሬቱን ከያዘ በኋላ የቀረው ሥራ ጠርዙ ነው። ሰርዶ ድንበር አያከብርም፣ የአበባ መደቡን ይወራል። በየሁለት ወሩ ሲባጎ ወጥራችሁ በስለታም አካፋ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ታች ቁረጡት፤ የተቆረጠውን ሐረግ አትጣሉት፣ ያልሞላ ቦታ ካለ እዚያው ትከሉት።